ከጅማ ወደ መዲና ባይ፦ ሴኔጋል ካውላክ ለዚያራና ለቂርኣት መሄድ ለምትፈልጉ

አሰላሙ ዓለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ። ጅማ ላይ የምትማሩ ልጆች፣ ዩኒቨርሲቲ ያላችሁም ሸኽ ጋር ቁጭ ብላችሁ ኪታብ የምትቀሩም፣ "መዲና ባይ መሄድ እፈልጋለሁ ከየት ልጀምር" ስለምትሉኝ የማውቀውን እዚህ ልጻፈው አልኩ። ረዘም ይላል ግን ትኬት ሳትቆርጡ እስከ መጨረሻው አንብቡት፣ ምክንያቱም ቪዛውና ብሩ እንደምንም ይገኛል፣ ሰው የሚቸገረው እዛ ከደረሰ በኋላ ነው። ዓመተ ምህረቱን ሁሉ በፈረንጅ ነው የጻፍኩት።

መጀመሪያ ቦታውን ለማታውቁት። ካውላክ ከዳካር ወደ ደቡብ ምስራቅ 190 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ፣ ሳሉም ወንዝ ዳር ያለች የኦቾሎኒና የጨው ከተማ ናት፣ መዲና ባይ ደግሞ እሷ ውስጥ ያለ ሰፈር ነው። ሰፈሩን የመሰረቱት ሸኽ ኢብራሂም ኒያስ ናቸው፣ በ1900 ጣይባ ኒያሴን የሚባል መንደር ተወለዱ፣ በ1930 አካባቢ አባታቸው ካቋቋሙት ሰፈር ወጥተው ከደረሶቻቸው (ከተማሪዎቻቸው) ጋር እዚህ ሰፈሩ፣ በ1975 ለንደን ላይ አረፉና እዚሁ መጥተው ተቀበሩ፣ አላህ ይርሀማቸው። ልጆቻቸው የልጅ ልጆቻቸው ደረሶቻቸው የደረሶቻቸው ልጆች ሁሉ እዛው ዙሪያ ነው የሚኖሩት፣ ተጋብተዋል ተዛምደዋል፣ አንዱ ቤት የገባ እንግዳ ወሬው ከመግሪብ በፊት ሌላው ቤት ይደርሳል። ከናይጄሪያ ከኒጀር ከጋና ከጋምቢያ ከሞሪታኒያ የሚመጣው ሰው አይቆጠርም፣ የልጅ ልጃቸው ሸኽ ሐሰን ሲሴ (በ2008 ነው ያረፉት) በነበሩበት ጊዜ ደግሞ አሜሪካኖችም ልጆቻቸውን ለሂፍዝ (ቁርአን በቃል ለመያዝ) መላክ ጀመሩ፣ ስለዚህ አንድ ሰፈር ውስጥ ወሎፍም ሀውሳም ዓረብኛም እንግሊዝኛም ትሰማላችሁ።

ከጅማ ጋር ምን አገናኘው ለምትሉ፣ መዲና ባይ የቲጃኒያ ሰፈር ነው፣ ቲጃኒያ የሚባለው ጦሪቃ (የሱፊ መንገድ) ደግሞ ጅማ ላይ እንግዳ ነገር አደለም። ከቦርኑ (ናይጄሪያ) የመጡት የቲጃኒያ ሸኽ አልፋቂ አህመድ ዑመር እኛ አካባቢ ስንት ቤት እንደገቡ አያት ያለው ሁሉ ያውቃል፣ በ1953 አርፈው ቀብራቸው ወለጋ፣ ያዓ ነው ያለው፣ ዛሬም ከጅማ መኪና ሞልቶ ለዚያራ የሚሄደውን ህዝብ ታውቁታላችሁ። ሶላተል ፋቲህ (ቲጃኒዎች የሚያበዙትን በነቢዩ ላይ የሚወርድ ሶለዋት) እየሰማ ያደገ የጅማ ልጅ መዲና ባይ ሲገባ ጆሮው አይደናገርም። ግን አንድ ነገር ልብ በሉ፣ ጦሪቃው አንድ ቢሆንም ሰንሰለቱ (ከሸኽ ወደ ሸኽ የተላለፈበት መስመር) አንድ አደለም፣ የሸኽ ኢብራሂም ሰዎች ፈይዳ የሚሉት የራሳቸው መንገድ አላቸው፣ ስለዚህ "እኛም ቤት እንደዚህ ነው የሚደረገው" ብላችሁ ሁሉን ነገር እንደምታውቁት አትቁጠሩት። ጦሪቃ የሌላችሁም፣ ሐድራ (በጋራ የሚደረግ ዚክር) እና መውሊድ ላይ ሌላ አቋም ያላችሁም መሄድ ትችላላችሁ፣ ማንም በር ላይ አቁሞ አይጠይቃችሁም፣ እንዴት መቀመጥ እንዳለባችሁ ግን ወደ ታች እጽፋለሁ።

ከሁሉም በፊት ሰው ፈልጉ

ይሄ ዋናው ነው፣ ሌላውን ብትዘሉት እንኳን ይሄን እንዳትዘሉት። መዲና ባይ ሆቴል ተይዞ የሚጎበኝ ቦታ አደለም፣ የሚገባው በቤት በኩል ነው። ገና መንገድ ላይ የሚያገኛችሁ ሰው ሁሉ የሚጠይቃችሁ "የማን እንግዳ ነህ" ብሎ ነው፣ የሰው ስም መጥራት ከቻላችሁ ያኔውኑ የቤት ልጅ ሆናችሁ፣ ካልቻላችሁ ግን ማንም ክፉ አይናገራችሁም፣ ይጋብዟችኋል ያበሏችኋል፣ ብቻ ውጭ ውጭውን ዞራችሁ ነው የምትመለሱት። እኔ እንዲያውም ተቀባይ ሰው ሳታገኙ ትኬት ባትቆርጡ ነው የምለው፣ አንድ ዓመት ብትዘገዩም።

ታዲያ እንዴት ይገኛል? ጅማ ላይ የምትቀሩባቸው ሸኽ ቲጃኒ ከሆኑ ከእሳቸው ጀምሩ፣ ወይ እሳቸው ያውቃሉ ወይ የሚያውቅ ሰው ያውቃሉ። ግቢ ውስጥ ወይ አዲስ አበባ የናይጄሪያ፣ የጋምቢያ ወይ የሴኔጋል ሰው ካለ ሰላም በሉት፣ ከሁለት ሰው አንዱ ዘመዱ እዛ ቀርቷል ማለት ይቻላል። ቁጥር ስታገኙ በዋትሳፕ ስትጽፉ መጀመሪያ ረጅም ሰላምታ፣ ከዛ ስማችሁ ከነአባታችሁ፣ ከየት እንደሆናችሁ፣ ማን ጋር ምን እንደቀራችሁ፣ ለምን ልትመጡ እንደፈለጋችሁና ስንት ጊዜ መቆየት እንደምትፈልጉ ጻፉ፣ ዓረብኛችሁ የሚያስተማምን ከሆነ በዓረብኛ፣ ካልሆነ በእንግሊዝኛ ቢሆን ችግር የለውም። የመጀመሪያው መልዕክት ላይ "ስፖንሰር አለ ወይ" "ስኮላርሺፕ ይገኛል ወይ" አትበሉ በአላህ፣ እነሱ እንግዳን በራሳቸው ወጪ የሚያስተናግዱ ሰዎች ናቸው፣ ገና ሳይተዋወቁ እጅ መዘርጋት ለእናንተም ከናንተ በኋላ ለሚመጣው የኢትዮጵያ ልጅም አይጠቅምም። በሌላ በኩል ደግሞ አይታችሁት የማታውቁት ሰው "ለመመዝገቢያ ይሄን ያህል ዶላር ቀድመህ ላክ" ካላችሁ አትላኩ፣ በቃ እዛው ላይ አቁሙ።

ሰው ከተገኘ በኋላ ከሸኻችሁ ወይ ከመስጂዳችሁ ደብዳቤ አጽፉ፣ በዓረብኛ፣ ማህተም ያለበት። ረጅም መሆን የለበትም፣ የእገሌ ልጅ ነው፣ እኛ ዘንድ ይሄን ይሄን ኪታብ ቀርቷል፣ አደቡን እናውቃለን፣ ዱዓ አድርጉለት፣ ይሄ ይበቃል። ለቪዛ አያስፈልግም ይሆናል ግን እዛ ስትደርሱ ከፓስፖርታችሁ በላይ የሚነበብ ወረቀት እሱ ነው፣ ሽማግሌዎቹ ደብዳቤውን ተቀብለው ቁጭ ብለው ጮክ አድርገው ነው የሚያነቡት። እናትና አባታችሁም ይወቁ፣ "ወላጆችህ ፈቅደዋል ወይ" የሚለው ጥያቄ መምጣቱ አይቀርም፣ ዋሽቶ መመለስ ደግሞ ለእንዲህ ያለ ጉዞ አይሆንም።

እህቶች፣ ለናንተ ይሄ ነገር ድርብ ነው። የምትቀመጡበት ቤት ሴትዮዋን በስልክ ድምጿን ሰምታችሁ ተነጋግራችሁ ነው መሄድ ያለባችሁ፣ ከወንድም ከአባት ወይ ከቡድን ጋር ቢሆን ደግሞ የተሻለ ነው። ከደረሳችሁ ግን ለሴት ደረሳ ጥሩ ቦታ ነው፣ የሸኹ ሴት ልጆች ራሳቸው ሀፊዞችና አስተማሪዎች ነበሩ፣ ከነሱ አንዷ መርየም ኒያስ ዳካር ላይ የቁርአን ትምህርት ቤት ከፍተው ስንቱን ትውልድ አስቀርተዋል። ወንዶቹ ከሚያዩት በላይ የቤቱን ውስጥ የምታዩት እናንተ ናችሁ።

ወረቀት፣ ብርና ጊዜ

ይሄን ቶሎ ልለፈው። ቪዛውን አዲስ አበባ ያለው የሴኔጋል ኤምባሲ ሄዳችሁ ወይ ደውላችሁ ጠይቁ፣ አሰራር ስለሚቀያየር የዛሬ ዓመት የሄደ ሰው ወሬ ላይ አትደገፉ። የቢጫ ወባ ክትባት ቢጫ ካርድ ግዴታ ያዙ፣ ክትባቱ ከመብረራችሁ ቢያንስ 10 ቀን በፊት መወጋት አለበት ምክንያቱም ካርዱ የሚሰራው ከዛ በኋላ ነው። ወባ ካውላክ ላይ አለ፣ ሐኪም አማክራችሁ መከላከያ መድሃኒት ውሰዱ፣ አጎበርም ብትይዙ አትጸጸቱም። ገንዘባቸው ሴፋ ፍራንክ ይባላል፣ ከዩሮ ጋር የተሳሰረ ነው፣ 1 ዩሮ 655.957 ፍራንክ ነው፣ ስለዚህ ከተቻለ ዩሮ ካልሆነም ዶላር ያዙ፣ ባንክ ትኬትና ቪዛችሁን አይቶ ነው የሚሰጣችሁ፣ ብር እዛ ማንም አይመነዝርላችሁም። ሲም ካርድ በፓስፖርት ትገዛላችሁ፣ ዌቭና ኦሬንጅ መኒ የሚባሉትን እንደኛ ቴሌብር ሁሉም ሰው ነው የሚጠቀማቸው፣ ጥሬ ብር ተሸክሞ ከመዞር እሱ ይሻላል።

መቼ ልሂድ ለሚለው ብዙ ሰው የሚመክረው በመውሊድ ነው፣ እዛ ጋሙ ይሉታል፣ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ህዝብ ነው የሚመጣው። እኔ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ በጋሙ አትሂዱ ነው የምለው። የሚቀበላችሁ ሰው ቤቱ ግቢው ኮሪደሩ ሁሉ በእንግዳ ተሞልቶ ለናንተ የሚሆን ጊዜ የለውም፣ ሸኾቹን ከሩቅ ነው የምታዩት፣ መንገዱ ይዘጋል፣ የቤቱ እናት ከሌሊት እስከ ሌሊት ማብሰል ነው። ተራ ሰሞን ሂዱና ሰውን በስሙ እወቁ፣ ጋሙ ለሁለተኛ ጊዜ ይደርሳል ኢንሻአላህ፣ ያኔ እንግዳ ሳይሆን አሳላፊ ሆናችሁ ነው የምትቆሙት። አየሩም ከታህሳስ እስከ የካቲት ባለው ይሻላል፣ ከዛ በኋላ ሙቀቱ ከባድ ነው፣ ከሰኔ መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ ዝናብና ወባ ነው፣ እኛ ደግሞ ከ1,700 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያደግን ደጋ ቀመስ ልጆች ነን፣ ካውላክ ከባህር ጠለል ብዙም ከፍ አይልም፣ የመጀመሪያዎቹን ቀናት ሰውነታችሁ ይዝላል። ውሃም ጠንቀቅ በሉ፣ የካውላክ የቧንቧ ውሃ ጨዋማ ነው፣ የታሸገ ግዙ።

ስጦታ ላይ አትጨነቁ፣ ጅማ እያላችሁ ምን ችግር አለ፣ ቡና ነው። የተቆላ ያዙ፣ ጥሬውን ቆልቶ የሚያፈላላችሁ ላይኖር ይችላል፣ ሴኔጋል ውስጥ ካፌ ቱባ የሚባል ጃር በሚሉት ቅመም የሚፈላ ቡና ስለሚጠጡ ቡና ነገር ያውቃሉ፣ የኛን ግን ራሳችሁ አፍልታችሁ አጠጧቸው፣ ጀበና ይዛችሁ ከሄዳችሁ ደግሞ ግቢው ሁሉ ይሰበሰባል። ለቤቱ አባት ትንሽ የጅማ በርጩማ ላጌጅ ከፈቀደ በጣም ጥሩ ነው፣ ለእናትየው ነጠላ ወይ ሻሽ። ጫት እንዳትይዙ፣ "ለዱዓ ነው" የሚለው እኛ ሀገር ነው የሚሰራው፣ ኤርፖርት ላይ ማንም አይሰማችሁም። ልብስ ወንዶች ጀለቢያ ወይ ረጅም ቀሚስ፣ ለጁምዓ ነጭ፣ ሱሪና ቲሸርት ለመንገድ ይበቃል።

መንገዱ

የኢትዮጵያ አየር መንገድ ዳካር ይበራል። ኤርፖርቱ በ2017 መጨረሻ ላይ የተከፈተው አዲሱ ነው፣ ያለውም ዳካር ውስጥ ሳይሆን ጃስ የሚባል ቦታ ከከተማው ወጣ ብሎ ነው፣ ስለዚህ ወደ ዳካር ገብታችሁ መመለስ አያስፈልጋችሁም፣ ተቀባያችሁ መኪና ቢልክላችሁ ከዛው ቀጥታ ወደ ካውላክ ነው። በራሳችሁ ከሆነ ሴት ፕላስ የሚሉት ሰባት ሰው የሚጭን መኪና አለ፣ ሲሞላ ነው የሚነሳው፣ ወንበሩ ላይ ቶሎ የደረሰ ነው ፊት የሚቀመጠው። ካውላክ ስትገቡ ደግሞ ጃካርታ የሚሏቸው ሞተሮች ሰው ይጭናሉ፣ ጅማ ባጃጅ እንደምትይዙት ነው፣ ሻንጣ ካላችሁ ግን ታክሲ ያዙ።

ሰዓት ላይ አትሳሳቱ፣ ከኛ 3 ሰዓት ወደ ኋላ ናቸው፣ አቆጣጠራቸውም በፈረንጅ ነው፣ "በ8 ሰዓት ና" ካሏችሁ ጠዋት ነው እንጂ ከሰዓት አደለም። ገበያ ላይ ደግሞ ወሎፍ የሚናገር ሰው ዋጋ ሲጠራ በ5 ፍራንክ እየቆጠረ ነው፣ 20 ካላችሁ 100 ፍራንክ ማለቱ ነው፣ 100 ካላችሁ 500 ነው፣ ይሄን ያላወቀ ሰው መጀመሪያ በርካሹ ደስ ይለዋል ከዛ ከሻጩ ጋር ይጨቃጨቃል።

ስትደርሱ

መጀመሪያ ተቀባያችሁ ቤት። መስጂዱን ከሩቅ አይታችሁ ልባችሁ ቢሄድም ሻንጣ ተሸክማችሁ ወደዛ አትሩጡ፣ ቤት ግቡ፣ ሰላም በሉ፣ ውሃ ጠጡ፣ የቤቱ አባት "ተነሱ እንሂድ" እስኪሉ ቁጭ በሉ። መስጂድ፣ የሸኹ ቀብር፣ ኢማሙ ቤት፣ ትልልቆቹ ሸኾች ቤት፣ ለሁሉም ቅደም ተከተል አለው፣ እሱን የሚያውቀው ተቀባያችሁ ነው። አንዱን ሸኽ ከሌላው ቀድማችሁ ብትዘይሩ እናንተን ማንም አይቆጣም፣ የሚያፍረው ተቀባያችሁ ነው። እኔ ይሄን በጣም ነው የማከብረው፣ አንድ ቤተሰብ ይሄን ያህል ዓመት ሳይበተን የቆየው ማን ከማን እንደሚቀድም ስለሚያውቅና ስለሚጠብቅ ነው ብዬ አምናለሁ። ለቀብር ዚያራ ስትገቡ ጫማ አውልቁ፣ ሰላምታ፣ ዱዓ፣ ድምጽ ዝቅ፣ ስልክ ኪስ ውስጥ። ፎቶ ሳትጠይቁ አታንሱ፣ በተለይ ሴቶችን፣ በተለይ ዚክር ላይ ያለ ሰውን።

ሰላምታቸው ረጅም ነው፣ ይሄ ለጅማ ልጅ አይከብድም፣ እኛም ቤተሰቡ ከብቱ ሰፈሩ ተብሎ ነው የሚያልቀው። "ናንጋ ዴፍ" ካሏችሁ "ማንጊ ፊ ሬክ" በሉ፣ ለምስጋና "ጀረጀፍ"፣ እነዚህን ሦስት ብቻ ይዛችሁ ስትገቡ ፊታቸው ይፈካል። ቀጥለው የቤተሰብ ስማችሁን ይጠይቃሉ፣ እዛ ሰው የሚታወቀው በቤተሰብ ስም ነው፣ ሲሴ፣ ኒያስ፣ ንጃይ እየተባለ ስሙን ደጋግመው በመጥራት ነው የሚከባበሩት። እኛ ደግሞ የለንም፣ የአባታችሁን ስም ስጡ፣ እንደ ቤተሰብ ስም ያዙት፣ ሁልጊዜ ያንኑ አንዱን ተናገሩ፣ ዛሬ የአባት ነገ የአያት ካላችሁ ሰው ይምታታበታል። አንዳንዱ ሰው ራሱ የኒያስ ወይ የሲሴ ስም ሰጥቶ ይጠራችኋል፣ እምቢ አትበሉ፣ ፍቅር ነው።

ሶላት ላይ የማሊኪ መዝሀብ ሰዎች ናቸው፣ እኛ ጋር ያለው በብዛት ሻፊዒ ነው ሐነፊም አለ። መንገድ ላይ ባለ መስጂድ ብትቆሙ ብዙ ሰው እጁን ወደ ታች ለቆ ሲሰግድ ታያላችሁ፣ መዲና ባይ ስትገቡ ግን እጃቸውን እንደኛው ደረታቸው ላይ ያስራሉ፣ ሸኽ ኢብራሂም በዚህ ላይ ማስረጃ አቅርበው ጽፈውበታል፣ ሴኔጋል ውስጥ የሳቸውን ሰዎች ሌላው ሰው የሚለይበት አንዱ ምልክትም እሱ ነው። እዛ ሀገር መስጂዶች ውስጥ ኢማሙ ቢስሚላህን ጮክ ሳይል አልሐምዱ ብሎ ሊጀምር ይችላል፣ ሱብሂ ላይ ቁኑቱን (በሶላት ውስጥ የሚደረገውን ዱዓ) ከሩኩዕ በፊት በለሆሳስ ሊያደርገው ይችላል፣ ማሰላመቱንም አንድ ጊዜ ብቻ ሊያደርግ ይችላል። እጅ አንስቶ ጮክ ያለ ቁኑት የለመደ የኛ ልጅ ከሩኩዕ ሲነሳ ብቻውን እጁን አንስቶ እንዳይቆም፣ ኢማሙን ተከተሉ፣ ልዩነቱን ማታ ቤት ስትመለሱ ጠይቁ፣ ደስ ብሏቸው ከነማስረጃው ያስረዷችኋል። ጠይቁ እንጂ አትከራከሩ፣ በዩቱብ የሰማችሁትን ክርክር ይዛችሁ ሰው ቤት አትግቡ።

ቁርአኑ ደግሞ የሚቀራው ወርሽ በሚባለው አቀራር ነው፣ ይሄን ቀድማችሁ ተዘጋጁበት። እኛ በለመድነው በሀፍስ አቀራር ማሊኪ የውሚዲን ብለን የምንቀራውን እነሱ መሊኪ ይላሉ፣ ሙእሚኒን የምንለውን ሀምዛውን ጥለው ሙሚኒን ይላሉ። በመግሪቢ አጻጻፍ የተጻፈ ሙስሐፍ ከሰጧችሁ ፋ ነጥቧ ከስር ነው ቃፍ ከላይ አንድ ነጥብ ነው ያላት፣ መጀመሪያ ቀን ዓይን ይደናገራል። የራሳችሁን ሙስሐፍ ይዛችሁ ሂዱና በሀፍስ ቅሩ፣ ማንም አይከለክላችሁም፣ ግን አንድ ጁዝ እንኳን በወርሽ ከሸኽ አፍ መስማት ከቻላችሁ ጉዞው ለዛ ብቻ እንኳን ያዋጣል። ልጆቹ በዳራ (ቁርአን ቤታቸው ነው) በእንጨት ሉሕ ላይ ጽፈው፣ ቀርተው፣ አጥበው እንደገና ይጽፋሉ፣ የኛ አያቶች የቀሩበት መንገድ ነው፣ ከነሱ ጋር ሄዳችሁ መሬት ላይ ቁጭ በሉ፣ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ ብላችሁ ወንበር አትጠብቁ።

ዚክር ላይ እንዴት ልቀመጥ

ወዚፋ (የቲጃኒያ የዕለት ዚክር) በየቀኑ በጀማዓ አለ። 30 ኢስቲግፋር፣ 50 ሶላተል ፋቲህ፣ 100 ላኢላሃ ኢለላህ፣ 12 ጀውሀረተል ከማል (የቲጃኒያ ሶለዋት) ነው፣ መሀል ላይ ነጭ ጨርቅ ይነጠፋል። ጨርቁን አትርገጡ፣ በላዩ አትሻገሩ፣ ጀውሀራውን ሊል የሚቀመጥ ሰው በተየሙም ሳይሆን በውሃ ዉዱእ ላይ መሆን አለበት። ወንድ ከሆናችሁና ጦሪቃው ውስጥ ከሆናችሁ ቦታ ያሰፉላችኋል፣ ካልሆናችሁ ከኋላ ቁጭ ብላችሁ የራሳችሁን ዚክር አድርጉ ወይ ዝም ብላችሁ ስሙ። ጁምዓ ከአስር በኋላ እስከ መግሪብ ሀይለላ (ላኢላሃ ኢለላህን በጋራ ማለት) አለ፣ ድምጹ ግቢውን ይሞላዋል፣ እሱን ሳታዩ እንዳትመለሱ። አቋማችሁ ካልፈቀደ ሰዓቱ ሲደርስ በትህትና ተነስታችሁ ክፍላችሁ ግቡ፣ ፊታችሁን አጨፍግጋችሁ መሀል አትቀመጡ።

አሁን ደግሞ ከልቤ የምለው። እዛ ስትቆዩ ልብ ይሞቃል፣ ሰዎቹ ይወዷችኋል፣ አንድ ማታ ከዚክር በኋላ "ዊርዱን ልውሰድ" የሚል ስሜት ይመጣል፣ ወይ አንድ ጓደኛ "ለምን አትወስድም" ይላችኋል። ዊርድ መውሰድ ማለት ቃል ገብቶ ጦሪቃው ውስጥ መግባት ነው፣ የቲጃኒያው ደግሞ ለዕድሜ ልክ ነው፣ ጠዋትና ማታ ላዚም (ግዴታ የሆነ የግል ዚክር)፣ በየቀኑ ወዚፋ፣ ጁምዓ ሀይለላ፣ ሌላ ጦሪቃ ጋር አይደባለቅም። ፈተና ሰሞን፣ ሥራ ስትቀጠሩ፣ ስታገቡ፣ ሁሌም አብሯችሁ ነው። ስለዚህ በዛ ማታ አትወስኑ፣ ለሸኽ "ኢስቲኻራ ላድርግ፣ ከወላጆቼና ከሸኼ ጋር ልማከር" ብትሏቸው ትልቅ ሸኽ ይሄን ሲሰማ ደስ ነው የሚለው። አስበውበት ሀገር ቤት ወስነው የሚሄዱት ደግሞ በአደቡ ጠይቀው ይውሰዱ፣ መልካም ነው። ከጅማ በሌላ ሰንሰለት ዊርድ ያላችሁ ይሄንኑ መጀመሪያ ተናገሩ፣ እንዳትደብቁ።

ቤት ውስጥ

ምግቡ በአንድ ትልቅ ሳህን ዙሪያውን ተቀምጦ ነው፣ ቼቡ ጀን የሚሉት ዓሳና ሩዝ ዋናው ነው፣ በ2021 ዩኔስኮ የመዘገበው። ማዕድ ለለመደ ሰው ቀላል ነው ግን አንድ ልዩነት አለ፣ ዓሳው መሀል ላይ ነው የሚቀመጠው፣ የቤቱ እናት ወይ ትልቅ ሰው እየቆረሰ ፊታችሁ ያደርግላችኋል፣ እጃችሁን ሰዳችሁ መሀሉን አትንኩ፣ ፊታችሁ ያለውን ብቻ። ጉርሻ አትሞክሩ፣ ልማዳቸው አደለም። ሲበቃችሁ "ሱርና" ብላችሁ ተነሱ፣ ሌላው እንዲሰፋው። ከምግብ በኋላ አታያ የሚባል ሻይ በትንንሽ ብርጭቆ ሦስት ዙር ይቀዳል፣ የመጀመሪያው መራራ ነው፣ እየቆየ ይጣፍጣል፣ ሰዓታት ይፈጃል፣ ከአንደኛው ዙር በኋላ ተነስቶ መሄድ ጥሩ አደለም፣ ቁም ነገር የሚወራው ሦስተኛው ላይ ነው። የሰፈሩን ታሪክ፣ ማን የማን ልጅ እንደሆነ፣ ሸኹ ምን ይሉ እንደነበር የምትሰሙት እዛ ነው እንጂ ክፍል ውስጥ አደለም፣ ማስታወሻ ደብተር ያዙ፣ ግን ሰውየው እየተናገረ አትጻፉ፣ ማታ ጻፉት። ቢሳፕ ብለው ቀይ ቀዝቃዛ መጠጥ ካቀረቡላችሁ ያው ከርከዴያችን ነው።

ብር ክፈሉ አይሏችሁም። እናንተ ግን ዝም ብላችሁ አትብሉ፣ በየተወሰነ ቀኑ ሩዝ፣ ስኳር፣ የሻይ ቅጠል ገዝታችሁ ለእናትየው በእጃቸው ስጡ፣ ሸኽ ዘንድ ስትገቡ ደግሞ አቅማችሁ የፈቀደውን ሀዲያ (ስጦታ) በእጅ ጨብጣችሁ ሳይታይ ስጡ፣ ትንሽ ቢሆንም ማንም አይቆጥረውም፣ ተማሪ እንደሆናችሁ ያውቃሉ። ከተማ ውስጥ ቆርቆሮ ይዘው የሚለምኑ ትንንሽ የቁርአን ልጆች ታያላችሁ፣ ልብ ይሰብራል፣ መርዳት ከፈለጋችሁ ተቀባያችሁን ጠይቁና ምግብ ወይ ልብስ በሚያውቁት ዳራ በኩል አድርሱ፣ መንገድ ላይ የተሰጠ ብር ልጁ እጅ ላይ መቅረቱን ማንም አያውቅም። ፖለቲካ አታንሱ፣ የነሱንም የኛንም። የሸኽ ቤተሰብ ውስጥ ስላለ የማን ይበልጣል ወሬ ቢመጣ ጆሯችሁን ብቻ ስጡ፣ አስተያየት የላችሁም።

ስትመለሱ

መሄጃችሁን ቢያንስ ከጥቂት ቀን በፊት ተናገሩና ፈቃድ ጠይቁ፣ ሻንጣ ይዞ በር ላይ "ሄድኩ" ማለት ነውር ነው። የዘየራችኋቸውን ቤቶች ዞራችሁ ተሰናበቱ፣ ዱዓ አስደርጉ። ረጅም መንገድ የሚሄድን ሰው በግራ እጅ የሚጨብጡበት ልማድ አላቸው፣ ተመልሶ እንዲመጣ ነው፣ ግራ እጁን የዘረጋላችሁ ሰው ሰደበን ብላችሁ እንዳትደነግጡ፣ እናንተም ግራችሁን ስጡ።

ጅማ ከገባችሁ በኋላ በዛው ሳምንት ደህና ገባሁ ብላችሁ ደውሉ፣ ከዛም በጁምዓ በዒድ በመውሊድ ሰላም በሉ፣ የሚያስፈልጋችሁ ነገር ሲኖር ብቻ የምትደውሉ አትሁኑ። ደብዳቤ የጻፉላችሁ ሸኽ ዘንድ ሄዳችሁ ማንን እንዳገኛችሁና ምን እንደቀራችሁ ንገሯቸው፣ ከዛ የመጣ ሰላምታ ካለ አድርሱ፣ አማና ነው። ሌላ ልጅ "የሰውየውን ቁጥር ስጠኝ" ቢላችሁ መጀመሪያ ባለቤቱን አስፈቅዱ፣ ልጁንም እወቁት፣ ምክንያቱም በናንተ ስም ነው የሚገባው።